የተፈተነበት ከፍታ

ሰኞ 1

ዝናቡ ገባ።

ትናንት ምሳ ላይ የሚስቴ ታናሽ ወንድም መጥቶ ነበር። ካፒቴኑ። እህቱ ቤት እንኳ ሲመጣ የደንብ ልብሱን አያወልቅም። ሾርባውን ሲጠጣ ትከሻው ላይ ያሉት አራት መስመሮች እንዳይነኩ ወደ ኋላ ለጠጥ ይላል፣ ሙሽራ ይመስል።

እንደ ልማዱ ስለ ጄት አወራ። ዘንድሮ ያሳድጉኛል አለ። አምናም ብሎ ነበር፤ ካቻምናም። ፈተናውን ሁለት ጊዜ እንደወደቀ ሁላችንም እናውቃለን፤ እህቱ ግን "እ?" እያለች እንደ አዲስ ታዳምጠዋለች።

"አርባ ሺህ ጫማ ላይ ሰማዩ ራሱ ሌላ ነው አሉ" አለ። "በጠራራ ቀን ጠቁሮ ነው አሉ የሚታየው።"

ይቺን "አሉ" መታገስ አቃተኝ።

"አንተ ሃያ አምስት ሺህ ላይ ለምን እንደምትቀር ታውቃለህ?" አልኩት። "የያዝከው ፕሮፔለር ስለሆነ ነው። ፕሮፔለር አየሩን እየነከሰ ነው የሚሄደው፤ ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ የሚነክሰው ያጣል። ጄት ግን የሳሳ አየር ይስማማዋል። ፊቱ የሚገፋው ሲቀንስለት በትንሽ ነዳጅ ይከንፋል፤ ታች ካቆየኸው ግን ነዳጁን ጠጥቶ ይጨርሳል። ሁሉም እንደ አፈጣጠሩ ነው።"

የመጨረሻዋ ባትጨመር ይሻል ነበር። ግን ጨመርኳት።

ማንኪያውን አስቀመጠ። እኔን ሳይሆን እህቱን ነው ያናገረው። "ሰማሽው ይሄን የጠረጴዛ ካፒቴን? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከፍታ ሲለካ ከወንበሩ በላይ ወጥቶ አያውቅም!"

ሚስቴ ሳቀች። አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ቢሆንም ሳቀች።

እውነት ነው፣ ተሳፍሬ አላውቅም። ግን ስንቱን በእጄ አውጥቼ አውርጃለሁ! የከፍታ መለኪያውን በመስታወት ደወሉ ሥር አስቀምጣለሁ። ፓምፑ አየሩን ይመጥጣል። መለኪያው ውስጥ ያለችው የታሸገች ቆርቆሮ በዙሪያዋ ያለው አየር ሲሳሳ ታብጣለች፣ መርፌውን ትገፋለች። ከጠረጴዛዬ ሳይነሳ ሠላሳ ሺህ፣ አርባ ሺህ ጫማ ደርሶ ይመለሳል። ቆርቆሮዋ "በእውነት ወጣሁ ወይ?" ብላ አትጠይቅም። የሚጠይቁት ትከሻቸው ላይ መስመር የለጠፉ ናቸው።

ማክሰኞ 2

በጥድፊያ። ሻይ ሰዓት።

ብራ ነው፣ ዛሬ አልዘነበም። ስድስት መለኪያ በአንድ ጠዋት። ሁለቱ የጄት ናቸው፤ እስከ አርባ አንድ ሺህ። የሄሊኮፕተሩ ቶሎ አለቀ፤ እሱ ወፍራም አየር ካላገኘ ክንፉን ቢያሽከረክርም መንሳፈፍ አይሆንለትም፣ ስለዚህ ሩቅ አይወስደኝም። ስድስተኛው ከትንሿ ባለ አንድ ሞተር የወጣው ነው። እስከ አሥራ ሁለት ሺህ ወስጄ መለስኩት። ካቢኗ አልታሸገም፤ ከዚያ በላይ አብራሪውም ሞተሩም እኩል ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ንባቡ ንጹሕ ነው። ፀጉር ታህል አልሳተም።

ከመለኪያው ጋር በሚሄደው የፈተና ካርድ ላይ "የተፈተነበት ከፍታ" የሚለውን መስመር ባዶ ተውኩት። ወደ ወጣበት አውሮፕላን ለሚመለስ መለኪያ ማናችንም አንሞላውም። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌም አይሞሉም ነበር።

አሥራ ሁለት ሺህ ላይ መርፌውን ይዤ ሳነብ ስቶር ኪፐሩ በሩ ላይ ቆሞ የሆነ ነገር ተናገረ። አልሰማሁትም። ፓምፑ ይጮሃል። እጄን አወዛወዝኩለት፤ ሄደ።

ተማሪዬ ካርዱን አተመች። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ቆንጥጣ፣ ሳታይ። ተማሪዬ የምላት የክፍሉን ኃላፊ ነው። ጠመንጃ መፍቻ አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዛሬ ፈቃድ የምጠይቀው እሷን ነው።

ዓርብ 5

ኃላፊዋ ማስታወቂያ ለጥፋለች፦ ከዛሬ ጀምሮ ካርድ ላይ ባዶ መስመር መተው ክልክል ነው።

"ባዶ በመተዋችን እስከ ዛሬ የወደቀ አውሮፕላን አለ?" አልኳት ሰው ሁሉ እየሰማ።

"ጋሼ፣ እስኪወድቅ ነው እንዴ የምንጠብቀው?"

ሳቁ። እነዚህ ደግሞ እሷ ካለች የቀብር ንግግርም ያስቃቸዋል። ከኋላዬ አንዱ፣ "የድሮ ሰው ባዶ መስመር ይወዳል፣ እንደ ጡረታ ቅጹ" ሲል ሰማሁ። ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ማስታወቂያው "ከዛሬ ጀምሮ" ይላል። ያለፉት ካርዶችስ? አልጠየቅሁም። እሷም አላነሳችውም። አለቃዋ እሷ አይደለች?

ሐሙስ 18

ሁለት አውሮፕላኖች። በመሃላቸው አራት መቶ ጫማ ብቻ። አንድ ሺህ መሆን ነበረበት።

ካፒቴኑ ነው! ሃያ አምስት ሺህ ላይ እንዲበር ተፈቅዶለት፣ ሃያ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ላይ ሆኖ፣ ሃያ ስድስት ሺህ ላይ ከፊት በሚመጣ ትልቅ የጭነት ጄት ሆድ ሥር ሾልኮ አለፈ። የጭነቱ አብራሪ "የመስኮታቸውን መጋረጃ አይቻለሁ" ብሏል አሉ። አርባ ስድስት ተሳፋሪ። ማንም አልተጎዳም፤ አብዛኞቹ ተኝተው ነበር።

ረዳት አብራሪው "ከፍ ብለናል" ብሎት ነበር ይላሉ። አልሰማውም። ያ ሰውዬ መቼ ሰው ሰምቶ ያውቃል?

ታግዷል።

ደስ አለኝ ብዬ አልጽፍም። ምሳዬን ግን ሁለት ጊዜ አነሳሁ።

ቅዳሜ 20

ሚስቴ ሁለት ቀን ሙሉ ስልክ ላይ ናት። ዛሬ ዘግታ መጥታ ፊቴ ተቀመጠች።

"ከፍ ብሎ ከነበረ ራዳሩ ለምን አላየውም?"

ስጠየቅ ደስ ይለኛል፤ ቤት ውስጥ የምጠየቀው ስንት ቀን አንድ ጊዜ ነው። "ራዳር ከፍታን በራሱ አያይም" አልኳት። "አውሮፕላኑን ስንት ላይ ነህ ብሎ ይጠይቀዋል። አውሮፕላኑ ደግሞ የካፒቴኑ መለኪያ ያለውን ይመልስለታል። የሌላው አውሮፕላን ማስጠንቀቂያም የሚያምነው ያንኑ መልስ ነው። ስለዚህ መለኪያው ከዋሸ ሁሉም አንድ ላይ..."

"አንድ ላይ ምን?"

"ምንም" አልኳት። "አንድ ላይ ይሳሳታል።"

"ታዲያ ወንድሜ ምን አጠፋ?"

ውኃ ልጠጣ ተነሳሁ።

ሰኞ 22

ከሰው ሁሉ ቀድሜ ገባሁ። የካፒቴኑን መለኪያ ቁጥር መዝገብ ላይ ፈለግሁ። የማክሰኞው ስድስተኛ ነው።

ትንሿ አውሮፕላን ተሽጣለች። ተሽጣለች! መለኪያዋ ሞዴሉ ከካፒቴኑ አውሮፕላን መለኪያ ጋር አንድ ስለሆነ፣ ካርዱም አረንጓዴ፣ ፈተናውን ያለፈ ስለሆነ፣ ከመደርደሪያ አንስተው ካፒቴኑ ፊት ገጠሙት። ካርዱ ላይ ከፍታው ባዶ ነው። ሰጪውም አልጠየቀ፣ ገጣሚውም አልጠየቀ። አገሩ በሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሠራው።

ስቶር ኪፐሩን መታጠቢያ ቤት አገኘሁት።

"ምን ብለህ ሰጠህ?" አልኩት።

እጁን እየታጠበ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። "ነግሬሃለሁ እኮ አንተ ሰውዬ። በርህ ላይ ቆሜ፣ ትንሿ ተሸጠች፣ ይሄ ለሚስትህ ወንድም ነው የሚገጠመው አላልኩህም? እጅህን አወዛወዝክልኝ እኮ! እሺ ማለትህ መስሎኝ።"

"ፓምፑ ይጮህ ነበር።"

"ይጩሃ" አለ። "ለመርማሪውም እንደዚሁ በለው።"

የዚህ ሰው ድምፅ ሁልጊዜም ወፍጮ ቤት ያደገ ነው የሚመስለው። ዛሬ ግን በቀስታ ነበር የሚናገረው።

ረቡዕ 24

የካርዱ ቅጂ ኪሴ ውስጥ ነው። እንዴት እንደገባ ማብራራት አያስፈልግም።

ባዶው መስመር የትንሽ ጣቴን ያህል ነው። "አሥራ ሁለት ሺህ" ብዬ ብሞላው ውሸት አይሆንም። በእርግጥም እስከዚያ ነው የፈተንኩት! ያኔ ጥፋቱ አሥራ ሁለት የሚል ካርድ እያዩ ለሃያ አምስት የገጠሙት ይሆናል። ብዕሬን ከፈትኩ። መልሼ ከደንኩ። ሕሊና ነው ብዬ ራሴን አላሞግስም፤ እጄ ተንቀጥቅጦ ነው። በእኔ ሥራ የተንቀጠቀጠ ቁጥር ከሩቅ ይታወቃል።

ኃላፊዋ መጣች። በሩን ዘጋች።

"ጋሼ፣ ቅጂው ፋይሉ ውስጥ የለም።"

"ፈልጊው።"

"ፈልጌዋለሁ። ያልፈለግሁት እርስዎ ኪስ ውስጥ ብቻ ነው።"

እሷ አልተቀመጠችም።

"ብዕር እንዳያስነኩት። ዋናው መርማሪው እጅ ነው፣ ባዶ ነው፣ ማኅተሜም አለበት። እኔ ሳላይ አትሜያለሁ፤ ይሄንን ነግሬያቸዋለሁ። እርስዎ የሞሉት ስለሆነ ነበር የማላየው። ሁለተኛ አይለምደኝም።"

"እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ" አልኳት።

"እሱን ነው የምልዎት።"

ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁላት። በሁለት ጣት አንስታ ወጣች፣ የሞተ አይጥ እንደሚያነሳ ሰው።

እሑድ 28

ካፒቴኑ መጣ። ያለ ደንብ ልብሱ። ሹራቡ ክርኑ ላይ ተበልቷል፤ ትከሻው እንዲህ ጠባብ መሆኑን አላውቅም ነበር። ስለ ጄት አላወራም። ምግቡን ከሳህኑ ዳር ወደ ዳር ሲገፋው ቆይቶ ሄደ። እኔን ሰላም አላለኝም፤ አልሰደበኝምም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

ሚስቴ ሳህኑን እያነሳች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "ረዳቱ ሲነግረው ምን እንዳለው ታውቃለህ?" አለች።

"ምን ይላል! ዝም በል ነው የሚለው።"

"ድምፁ ተቀድቷል፤ አሰምተውታል።" ዞረች። "'የኔን መለኪያ የፈተነው የእህቴ ባል ነው፤ ፊርማውን አይቻለሁ። ሰውየው እንደ እሬት ይመርራል፣ እጁ ግን አይሳሳትም። የተሳሳተው ያንተ ነው' ነው ያለው። በዚህች ቃሉ ነው የታገደው። ይኸውልህ፣ ደስ ይበልህ።"

ሳህኑን ማጠቢያው ውስጥ ጣለችው። አልተሰበረም።

የወጥ ቤቱን ቧንቧ ፈትቼ ጎማውን ቀየርኩ። አይንጠባጠብም ነበር።

ማክሰኞ 30፣ ረፋድ

ሁሉንም እጽፋለሁ፤ ዛሬ ሌላ የምሠራው ሥራ አልተሰጠኝም።

መለኪያውን ነቅለው አመጡት። መርማሪው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ጫማውን በር ላይ በደንብ ጠርጎ ነው የገባው። ኃላፊዋ መዝገቡን ይዛለች። ካፒቴኑ ግድግዳውን ተደግፏል። ስቶር ኪፐሩ ቦታ ጠቦት በሩ ላይ ቆመ፤ የዚያን ዕለት የቆመበት ላይ።

መርማሪው መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አየ። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ የሳሉት ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ እንደ መሰላል የተሰመረ።

"ይሄ ምንድነው?"

ጠየቀኝ፤ እኔም ነገርኩት። ታች፣ ወለሉ ጋ፣ የመድኃኒት ረጪዋ፦ ከሰብሉ ላይ በጥቂት ጫማ፣ ምክንያቱም ከፍ ካለች መድኃኒቱን ነፋስ ይወስደዋል። ከዚያ ሄሊኮፕተሩ። ከዚያ ትንሿ፣ ሰው ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን የሚተነፍስበት ድረስ። ከዚያ ፕሮፔለር ያላት የመንገደኛ፦ ካቢኗ የታሸገ ስለሆነ ሰዎቹ ይተነፍሳሉ፣ ፕሮፔለሩ ግን ወሰን አለው። ከደመናው በላይ ጄቶቹ። ጣሪያው ጋ የጦር አውሮፕላኖቹ፦ ክብደታቸውን የሚያስረሳ ጉልበት ያላቸው፣ አብራሪያቸውም ለብቻው ጭንብል የሚያጠልቅ። "ጄትም ቢሆን ማለቂያ አለው" አልኩት። "አየሩ በጣም ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት ያጣል። ለእያንዳንዱ አየሩ የሚበቃበት አንድ ከፍታ አለ። ለዚህ ነው መለኪያውን የምንፈትነው የሚገባበት አውሮፕላን እስከሚደርስበት ድረስ የሆነው።"

ባማረ ሁኔታ ነው ያስረዳሁት። ራሴን ወደድኩት።

"እንግዲያው ለሃያ አምስት ሺህ የሚሄድ መለኪያ አሥራ ሁለት ሺህ ላይ መቆም እንደሌለበት ከማንም በላይ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት" አለ።

"ለሃያ አምስት እንደሚሄድ አልተነገረኝም።"

"እንጀምር" አለ።

መለኪያውን ደወሉ ሥር አስገባሁ። ደንቡ እንደሚለው ንባቡን ጮክ ብዬ የምጠራው እኔ ነኝ። ፓምፑን አስነሳሁ። አምስት ሺህ፤ ልክ። አሥር ሺህ፤ ልክ። አሥራ ሁለት ሺህ ላይ ቫልቩን ዘግቼ ፓምፑን አጠፋሁ።

"ለምን አጠፉት?"

"ንባብ ሲወሰድ ይጠፋል። አለበለዚያ መርፌው ይንቀጠቀጣል።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ" አልኩት። "ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን አልዘለልኩም።"

በኩራት ነው ያልኩት። አፌ እንዲህ ነው። ክፍሉ ፀጥ እንዳለ ስቶር ኪፐሩ በሩ ላይ እህ እህ አለ። ትንሽ ሳል ናት፣ ጉሮሮ ለመጥረግ ያህል። ሁላችንም ሰማናት። መርማሪው ዞሮ በሩን አየ፣ ከዚያ ፓምፑን አየ፣ ከዚያ እኔን። ምንም አልጻፈም።

"ይቀጥሉ" አለ።

አሥራ ስምንት ሺህ፤ መርፌው ትንሽ ዘገየ። ሃያ ሺህ፤ ጎደለ። ደወሉ ውስጥ ሃያ አምስት ሺህ ሲሆን መለኪያው የሚለውን ጠራሁ፦ "ሃያ አራት ሺህ አራት መቶ።" ስድስት መቶ ጫማ ይቀንሳል። ይህን የሚያምን አብራሪ ሃያ አምስት እስኪልለት ስድስት መቶ ይወጣል፤ ምንም ሳያጠፋ፣ ዓይኑ እያየ።

"ድገመው" አለ ካፒቴኑ። ዛሬ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

ደገምኩት። ሃያ አራት ሺህ አራት መቶ።

"ድገመው።"

መርማሪው አልከለከለውም። ሦስተኛ ጊዜ ጠራሁት። ካፒቴኑ ከግድግዳው ተነስቶ፣ ስቶር ኪፐሩን በትከሻው ገፍቶ ወጣ።

ከፈትነው። መርፌውን በሚያዞረው ጊር ላይ የታችኛዎቹ ጥርሶች በዘይት ያበራሉ። በላይኞቹ ላይ ግሪሱ ደርቆ እንደ ጭቃ ተጋግሯል። ትንሿ አውሮፕላን በዕድሜዋ ሙሉ እዚያ ድረስ ወስዳቸው አታውቅም ነበር። ግማሽ ሰዓት ጨምሬ ወደ ላይ ብወስደው ኖሮ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አየው ነበር።

"ማስታወሻ ይይዛሉ?" አለኝ መርማሪው።

"አልይዝም" ልል ነበር። ስቶር ኪፐሩ ቀደመኝ። "እሱ? ሻይ ሲጠጣ እንኳ ይጽፋል።"

ማክሰኞ 30፣ ከሰዓት

ደብተሩን ይዞ ሊሄድ ነው። አምስት ደቂቃ ሰጥቶኝ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ገጽ እንዳልቀድ ኃላፊዋ በሩን ከፍታ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ ወረቀት የምታይ ትመስላለች።

አልቀድም። የማክሰኞ 2ን አነበብኩት። "አልሰማሁትም። ፓምፑ ይጮሃል።" የእጅ ጽሑፌ እዚያ ላይ አልተንቀጠቀጠም። ለማን ነበር የዋሸሁት? ደብተሩን ያኔ የሚፈልገው ሰው አልነበረም።

ፓምፑ ጠፍቶ ነበር። "ለሚስትህ ወንድም ነው" ሲል አንድ በአንድ ሰማሁ። የእሑዱ ሳቅ ገና ጆሮዬ ላይ ነበር። ለእሱ ብዬ ግማሽ ሰዓት አልጨምርም አልኩ። ክፉ አላሰብኩም ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። አላሰብኩም ብቻ።

"ጋሼ፣ ሰዓት" አለች ኃላፊዋ።

ማኅተም ስለሌለኝ በፊርማ፦

የተፈተነበት ከፍታ፦ አሥራ ሁለት ሺህ ጫማ።
የሚገጠምበት፦ እስከ ሃያ አምስት ሺህ ጫማ የምትወጣው፣ የሚስቴ ወንድም የሚያበራት።
ፈታኙ ተነግሮታል ወይ፦ ተነግሮታል። ሰምቷል። እጁን አወዛውዟል።